ችካሉ ከመተከሉ በፊት ተከራዩ ይቆጠር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድሬዳዋ አዲስ ስታዲየም ያስፈልጋታል የሚለው ሐሳብ በተነሳ ቁጥር ነዋሪው በሁለት ጎራ ይከፈላል። የደገፈው ኳስ ወዳድ፣ ጥያቄ ያነሳው ደግሞ ልማት ጠል ይባላል። እኛ በቅየሳ፣ በንብረት ግምትና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያለን የከተማዋ ነዋሪዎች ነን። እንዲህ ያለው አከፋፈል ውይይቱን ከጅምሩ ስለሚያበላሸው ይህን ደብዳቤ ጽፈናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የስታዲየም ወሰን ከመሰመሩና ችካል ከመተከሉ በፊት፣ በቦታውም በዙሪያውም ተከራይተው የሚኖሩና የሚነግዱ ሰዎች በስም ተቆጥረው ይመዝገቡ። ችካል ከተተከለ በኋላ የሚደረግ ቆጠራ ባለካርታውን እንጂ ተከራዩን አያገኝም።

ከተማዋ ለኳስ እንግዳ አይደለችም። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን ስታዘጋጅ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ በመጨረሻ ዋንጫውን ያነሳችውም ሞሮኮ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ኮተን ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። አሁን ደግሞ ግፊቱ በርትቷል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የሀገራችንን ስታዲየሞች መስፈርት አያሟሉም ካለበት ጊዜ አንስቶ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ የሜዳቸውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው ሀገር ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ ኢትዮጵያም የአፍሪካ ዋንጫን ዳግም ለማዘጋጀት ፍላጎቷን በይፋ ገልጻለች። ስለዚህ ጥያቄው ይዋል ይደር እንጂ ወደ ድሬም መምጣቱ አይቀርም። በመጣ ጊዜ ደግሞ በችኮላ ነው የሚመጣው። ችኮላ በመሬት ጉዳይ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በሙያችን በቅርብ እናውቀዋለን።

መጀመሪያ መሬቱን እናስላ። የመጫወቻ ሜዳ 105 በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር። ከመስመር ውጭ ያለው ሣር፣ የተጠባባቂዎች ቦታና የማስታወቂያ ሰሌዳው ሲጨመሩ አንድ ሄክታር ገደማ ይሆናል። 20 ሺህ ሰው የሚይዝ መቀመጫ ዙሪያውን ሲገነባ የሕንፃው ውጫዊ ልክ በግምት 180 በ140 ሜትር ይደርሳል፤ ሜዳውን ጨምሮ 2.5 ሄክታር ማለት ነው። ከበሮቹ ውጭ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ክፍት ቦታ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሰው ተብሎ ሲሰላ፣ ሌላ አንድ ሄክታር ይፈልጋል። ለቡድን አውቶቡስ፣ ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለቴሌቪዥን መኪኖች ግማሽ ሄክታር፣ ለልምምድ ሜዳ አንድ ሄክታር እንጨምር። ጠቅላላው 5 ሄክታር ነው። ኳስ የሚፈልገው ይህንኑ ያህል ነው።

ታዲያ የስታዲየም ፕሮጀክት 12 እና 15 ሄክታር የሚደርሰው በምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ በመኪና ማቆሚያና በንግድ ሕንፃ ነው። አንድ መኪና ከነመዞሪያው 25 ካሬ ሜትር ይይዛል፤ ለ2,000 መኪና 5 ሄክታር ያስፈልጋል። ድሬዳዋ ውስጥ ስታዲየም የሚገባው ሰው በአብዛኛው የሚመጣው በእግሩና በባጃጅ ነው። ለ500 ባጃጅ መቆሚያ፣ ለእያንዳንዱ 8 ካሬ ሜትር ብንሰጥ እንኳ፣ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። በዓመት ጥቂት ቀን ለሚሞላ የመኪና ማቆሚያ ሲባል 5 ሄክታር ሰፈር ማንሳት በዚህች ከተማ ምንም ምክንያት የለውም። ቀሪውን ሄክታር የሚወስዱት ሆቴል፣ የገበያ አዳራሽና የስፖርት መንደር የሚባለው ነው። የሩጫ መም ይጨመር ከተባለ ደግሞ ባለ ስምንት መስመር መም ብቻውን 177 በ93 ሜትር ስለሚይዝ መቀመጫዎቹ ሁሉ ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የሕንፃው ልክ ወደ 4 ሄክታር ያድጋል። መሙ ይቅር አንልም። ነገር ግን ስንት ቤት እንደሚያስነሳ በቁጥር ተነግሮ ይወሰን።

የመቀመጫው ቁጥርም እንዲሁ ነው። ሃያ አራት ቡድን ለሚሳተፍበት የአፍሪካ ዋንጫ ካፍ የጠየቀው ስድስት ስታዲየም ነው፤ ሁለቱ ቢያንስ 40 ሺህ፣ ሁለቱ ቢያንስ 20 ሺህ፣ ሁለቱ ቢያንስ 15 ሺህ የሚይዙ። ድሬዳዋ ቢበዛ ከመካከለኛው ተርታ ናት። ከ20 ሺህ በላይ የሚል ንድፍ ቢቀርብ በምን ስሌት እንደተደረሰበት ልንጠይቅ ይገባል። ያለውን ስታዲየም ማደስና ማስፋትም ከሁሉ በፊት በወጪም በሚነሳው ሰው ቁጥርም ተነጻጽሮ መታየት አለበት።

ከበር ውጭ ያለው ክፍት ቦታ ግን ሊቀነስ አይገባም። በዚህ ላይ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ሳይቀር እንከራከራለን። በእንግሊዝ የስታዲየም ደኅንነት መመሪያ ስሌት መሠረት አንድ ሜትር ስፋት ባለው ደልዳላ መተላለፊያ በደቂቃ 82 ሰው፣ በደረጃ ደግሞ 66 ሰው ያልፋል። ሁሉም ተመልካች በ8 ደቂቃ ውስጥ ከመቀመጫው ወጥቶ ሳይጨናነቅ ወደሚሄድበት ቦታ መድረስ አለበት። ለ20 ሺህ ሰው በድምሩ 30.5 ሜትር የደልዳላ መውጫ፣ መውጫው ደረጃ ከሆነ ደግሞ 38 ሜትር ስፋት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህም ሁሉም በር ክፍት ሆኖ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በአክራ ስታዲየም ከ120 በላይ ሰዎች ያለቁት ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሕዝቡ ወደተቆለፉ በሮች በመሸሹ ነው። ጠባብ የሰፈር መንገድ ላይ የሚከፈት በር እንደተቆለፈ በር ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ መሬት ከተቀነሰ ከማቆሚያውና ከሆቴሉ ይቀነስ፤ ከመውጫው አይነካ።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። የሚነሳ ሰው መብት በዋናነት የተቀመጠው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በደንብ ቁጥር 472/2012 ነው። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ ሁለቱን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ዋናው አዋጅ ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ምንነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲወያይ ያዝዛል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ሲፈለግ ይህ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ፍርሃታችን ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የዓለም አቀፍ ውድድር ቀን ሲቆረጥ ሁሉም ነገር አስቸኳይ ይሆናል። ካሳ ከተከፈለ ወይም ምትክ ከተሰጠ በኋላ ባለይዞታው 120 ቀን አለው። ምትክ ቦታ የተሰጠው ሰው አዲስ ቤት እስኪሠራ ድረስ የሁለት ዓመት የቤት ኪራይ ወይም ለዚያው ጊዜ ያለ ኪራይ የሚኖርበት ቤት ይገባዋል። በቀበሌ ቤት በኪራይ የሚኖረውም ሌላ የመንግሥት ቤት የመከራየት ወይም ቤት የመግዛት ዕድል ተቀምጦለታል።

በግለሰብ ቤት የተከራየውስ? ለእሱ አዋጁ ይህ ነው የሚባል ነገር አላስቀመጠም። የድሬዳዋን ግቢ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክፍተት ስፋት ይረዳል። ከፊት ዋናው ቤት፣ ከጀርባ አራት አምስት ሰርቪስ ክፍል፤ በየክፍሉ አንድ ቤተሰብ። ገማች ቡድን ሲመጣ ግቢውን በአንድ ፋይል ይመዘግባል፤ ካሳው፣ ምትኩም፣ የሁለት ዓመት ኪራዩም ለባለቤቱ ይሄዳል። የኋለኞቹ አምስት ቤተሰቦች የሚነገራቸው እስከ መቼ እንደሚለቁ ብቻ ነው። ከግቢው በር ላይ በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠው እናት፣ በረንዳ ተከራይቶ የሚሰፋው ልብስ ሰፊ፣ ጫት የምታዞረው ሴት ደግሞ ከየትኛውም ፋይል ውስጥ የሉም።

ሕገ መንግሥቱ ግን ይሄን ያህል ጠባብ አይደለም። አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ የገንዘብ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ባለይዞታ ብቻ አላለም። የከተማው አስተዳደር ለተከራይና ለጉልት ነጋዴ የራሱን የድጋፍ መመሪያ ቢያወጣ ከበላይ ሕግ ጋር ይስማማል እንጂ አይጋጭም።

የግምቱ አሠራርም በግልጽ ይነገር። ካሳ የሚሰላው ቤቱን በአዲስ ለመተካት በሚያስፈልገው ዋጋ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ለቦታው አቀማመጥ ዋጋ አይታሰብም። ሁለት በአንድ ዓይነት ዕቃ የተሠሩ ክፍሎች፣ አንደኛው ከቀፊራ ገበያ አጠገብ፣ ሌላው ከከተማ ዳር ቢሆኑ፣ ግምታቸው አንድ ነው። የቀፊራውን ቤተሰብ የሚያኖረው ግን ግድግዳው ሳይሆን ለገበያው ያለው ቅርበት ነው። ስታዲየሙ ሲሠራ የዚያ ቦታ የሊዝ ዋጋ ይወጣል፤ ጭማሪው የሚገባው ለመንግሥትና ለአዲሱ አልሚ ነው። የተነሳው ሰው የሚይዘው የብሎኬትና የቆርቆሮ ዋጋ ይሆናል። ሰፈሩ ከነባሩ ነዋሪ ወጥቶ ወደ ባለ ገንዘብ የሚሻገርበት መንገድ ይኸው ነው፤ ማንም ክፉ ማሰብ አያስፈልገውም።

ከወሰኑ ውጭ ያለው ሕዝብ ደግሞ ይበልጣል። ከሜዳው መሐል 500 ሜትር ርቀት ላይ ክብ ብናሰምር 78.5 ሄክታር ይሆናል። ለፕሮጀክቱ 12 ሄክታር ቢወሰድ ከ66 ሄክታር በላይ ይቀራል። በሄክታር 200 ሰው ብቻ ይኖራል ብለን ብንነሳ በወሰኑ ውስጥ 2,400፣ ከወሰኑ ውጭ በዚያው ክብ ውስጥ 13,200 ሰው አለ። ሕጉ የሚያውቀው የመጀመሪያዎቹን፣ እነሱንም በከፊል ነው። ሁለተኞቹን የሚያገኛቸው የኪራይ ጭማሪ ነው። ደላላው ገና ወሬው ሲሰማ ዋጋ ይሰቅላል፤ አከራዩ ሰርቪሶቹን አስወጥቶ ፔንሲዮን ለመሥራት ያስባል። እነዚህን ሰዎች የሚያስወጣቸው ዶዘር ስላልሆነ በማንኛውም የተነሺዎች ሪፖርት ውስጥ አይታዩም።

ለእነዚህ ያለው መከላከያ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ እንዲሆን ያዝዛል። በቃል ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን ይህን መብቱን ማስረዳት አይችልም። ምዝገባው በከተማው ሁሉ የሚሠራ ቢሆንም ስታዲየም ይመጣበታል በሚባል አካባቢ ቅድሚያ ይሰጠው፤ መዝጋቢዎች ቢሮ ቁጭ ብለው ከሚጠብቁ ቤት ለቤት ይሂዱ። ለምዝገባ የሚሄድ ተከራይ ብዙውን ጊዜ አከራዩን ስለሚፈራ ይቀራል።

የአዋጅ 1161 አንቀጽ 7ም በጥንቃቄ ይነበብ። በከተማ መልሶ ማልማት ላይ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ ለማልማት ቅድሚያ አላቸው። ይህ መብት ለስታዲየሙ ራሱ ባይሠራም በዙሪያው ለሚታሰቡት ሱቆችና ፔንሲዮኖች ሊነሳ የሚገባው ነው። ሆቴሉና ገበያው ሁሉ በስታዲየም ስም በአንድ ወሰን ከተጠቀለሉ ግን መብቱ በተግባር ይጠፋል። የወሰኑ መስመር የት እንደሚያልፍ ማወቅ ይሄን ያህል ዋጋ አለው።

ስለ ውሃ ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። የተፈጥሮ ሣር በድሬ ሙቀት በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ይጠጣል ብንል፣ ለ8,000 ካሬ ሜትር ሣር 48,000 ሊትር ነው፤ 2,400 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢታሰብ የ960 ሰው ድርሻ ይሆናል። ውሃ በፈረቃ በሚያገኝ ሰፈር መሐል ይህ ሜዳ ከየት እንደሚጠጣ በንድፉ ላይ መጻፍ አለበት። ሰው ሠራሽ ሣር ይሁን የሚሉ አሉ፤ በጠራራ ፀሐይ ግን የሰው ሠራሽ ሣር ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ከመጫወት በፊት ለማቀዝቀዝ እሱም ውሃ ይረጭበታል። ለብዙ ዘመን ከተማዋን ያጠጣው የሳቢያን የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ የናይትሬት ብክለት እንደሚታይበት ይታወቃል፤ አንዱ ምክንያት የመጸዳጃ ጉድጓዶች ናቸው። ለ20 ሺህ ሰው የሚሆን መጸዳጃ በአሸዋማ አፈር ላይ፣ ከመጠጥ ውሃ ጉድጓዶቹ ሽቅብ፣ ወለሉ ባልተደፈነ ጉድጓድ ቢሠራ ፍሳሹ የሚገባው በቀጥታ ወደምንጠጣው ውሃ ነው። የታሸገ ታንክና በቦቴ የሚወሰድ ፍሳሽ የግድ ነው።

ጎርፉንም ድሬዳዋ አትረሳውም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ወስዷል። ያን ሌሊት ያየች ከተማ ውስጥ 12 ሄክታር መሬት በአስፋልት፣ በኮንክሪትና በጣሪያ ይሸፈን ሲባል ስሌቱ ይህ ነው፦ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ12 ሄክታር ላይ 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ክፍት መሬት ከዚህ 40 በመቶውን ያህል ቢለቅ፣ የተሸፈነው 90 በመቶውን ይለቃል፤ ልዩነቱ 3,000 ሜትር ኩብ። ይህንን ለመያዝ 50 ሜትር በ30 ሜትር፣ 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ማቆያ ኩሬ ወይም የመሬት ውስጥ ታንክ በግቢው ውስጥ መሠራት አለበት። የተጠራቀመውም ውሃ ሣሩን ያጠጣል። ካልተሠራ ግን ውሃው የሚወርደው በቁልቁለቱ በኩል ባሉት ቤቶች ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ካሳ ያልተከፈላቸው ናቸው። በደቻቱና በጎሮ ወንዞች ዳር ያለው ባዶ መሬት ተነሺ ስለሌለበት ርካሽ ይመስላል። ለስታዲየም የማይሆነውም በዚያው ምክንያት ነው፤ ባዶ የሆነው ጎርፉ ስለሚያውቀው ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት ስለሚያዝዝ ይህ ስሌት በሪፖርቱ ውስጥ መኖሩን ማንም ነዋሪ ጠይቆ ማየት ይችላል።

የሥራ ዕድል ይፈጥራል የሚለውን በአጭሩ እንለፈው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል፤ ድሬዳዋም አስተናግዳለች። በዚህ አሠራር ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ጨዋታ ይኖራል፤ ከዚያ ወራት ዝም ይላል። የሆቴሉ ባለቤት የሳምንታቱን ገቢ አጠራቅሞ ዝም ያሉትን ወራት ያልፋቸዋል። የለት ጉርሷን ከለት ሽያጭ የምታገኝ የጉልት ነጋዴ አትችልም። ለዚህ አንድ ተጨባጭ መፍትሔ አለ። የ180 በ140 ሜትሩ ሕንፃ ዙሪያ 640 ሜትር ነው። ግማሹ ለበር፣ ለመጸዳጃና ለአገልግሎት ቢተው በቀሪው 320 ሜትር ላይ ሦስት ሦስት ሜትር ስፋት ያላቸው 100 ያህል ሱቆች ከመቀመጫው ሥር ወደ ውጭ ፊታቸውን አዙረው ይሠራሉ። ጨዋታ ኖረም አልኖረም ከመንገዱ በኩል ይከፈታሉ። በጨረታ ከወጡ ግን ነባሩ ነጋዴ አይደርስባቸውም። በቆጠራው ለተመዘገቡት በቋሚ ኪራይ፣ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፉ ተደርገው ይሰጡ።

እንዲህ ያለ ስምምነት በሌላ ሀገር ተሞክሯል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2001 እ.ኤ.አ. ከስቴፕልስ ሴንተር የስፖርት አዳራሽ አጠገብ ለሚሠራው ግንባታ የአካባቢው ማኅበራት ከአልሚው ጋር በጽሑፍ ተዋውለው፣ ከሚሠሩት ቤቶች 20 በመቶው አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆነ ነዋሪዎች፣ ከሥራውም ግማሹ ለአካባቢው ሰው እንዲታለም አስገብተዋል። በሪዮ ደግሞ ለ2016 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ሲባል ከፈረሰችው ቪላ አውቶድሮሞ ከተባለች ሰፈር በመቶዎች ከሚቆጠሩት ቤተሰቦች እዚያው የቀሩት 20 ብቻ ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው ውሉ ከግንባታው በፊት መፈረሙ ነው።

ለነዋሪው የምንመክረው ችካል ሳይጠብቅ ሰነዱን እንዲያሰናዳ ነው። የግብር ደረሰኝ፣ የውሃና የመብራት ቢል፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የኪራይ ውል፣ የንግድ ፈቃድ ካለ ኮፒው፣ ኦርጅናሉ ከሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። ተከራይ ምንም ወረቀት ከሌለው የእድሩና የአፎሻው (እንደ እድር ያለው የመረዳጃ ማኅበር) መዝገብ ማን ከመቼ ጀምሮ በሰፈሩ እንደኖረ ይመሰክራል፤ ኃላፊዎቹ መዝገባቸውን ከአሁኑ አስተካክለው ቅጂ ያስቀምጡ። ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ደብዳቤም ይረዳል።

ገማች ሲመጣ ልኬቱ ከግድግዳው ውጭ ነው ወይስ ከውስጥ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከውስጥ 4 በ4 የሆነች ክፍል 16 ካሬ ሜትር ናት፤ ግድግዳዋ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነ ከውጭ 4.40 በ4.40፣ ማለትም 19.36 ካሬ ሜትር ትሆናለች። ሃያ አንድ በመቶ ልዩነት በአንዲት ክፍል ላይ! ከግምት ብዙ ጊዜ የሚቀሩት የመጸዳጃ ጉድጓድ ጥልቀት፣ የግንብ አጥር፣ የውሃና የመብራት መስመር፣ የሲሚንቶ ወለል፣ በረንዳ፣ እንዲሁም ማንጎ፣ ዘይቱንና ፓፓያን የመሳሰሉ የግቢ ዛፎች ናቸው። ሁሉም በፎቶ ይያዙ። የልኬት ቅጹ ላይ ከመፈረም በፊት ቅጂው ይጠየቅ።

የማስለቀቂያ ትእዛዝ ሲደርስ አልቀበልም ማለት አይጠቅምም። ቅር የተሰኘ ሰው ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ አቤቱታውን በጽሑፍ ለአቤቱታ ሰሚው አካል ያቀርባል፤ በውሳኔው ካልተስማማ በ30 ቀን ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤው፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙ ሰው መብቱን የሚያጣው ወደ ቀበሌ ተመላልሶ በቃል ሲያመለክት 30 ቀኑ ስለሚያልፍበት ነው። አቤቱታው ሲገባ መዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን ያሳረፈበት ቅጂ ይያዝ። በቡድን ከመጮህ ይልቅ እያንዳንዱ በራሱ ስም ያቅርብ፤ የጋራው ጥያቄ ለብቻው ሊጻፍ ይችላል።

ከአስተዳደሩ የምንጠብቀው ደግሞ ይህ ነው። የቆጠራ ቀን አስቀድሞ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ይነገር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የገባ ሰው እንደማይካተት ይገለጽ፣ ደላላ ሰው እንዳያስገባ ይህ ይጠቅማል። ቆጠራው በካርታ ሳይሆን በምድጃ ይሁን፤ በአንድ ግቢ አምስት ቦታ ምግብ የሚበሰል ከሆነ አምስት ቤተሰብ ይመዝገብ። የግንባታው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ሳይያዝ ሰፈር አይፍረስ። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ባለ 62 ሺህ መቀመጫው የአደይ አበባ ስታዲየም ከታሰበለት ጊዜ እጅግ መዘግየቱን ሀገር ያውቃል፤ ድሬዳዋ ውስጥ እንዲህ ቢዘገይ የሚታጠር ባዶ መሬት እንጂ ሜዳ አይኖረንም፣ የተነሱትም አይመለሱም። ማንሳቱ የትምህርት ዓመት ከተዘጋ በኋላ ይሁን። አንድ እድር ወይም አፎሻ ያላቸው ጎረቤታሞች ወደተለያየ አቅጣጫ እንዳይበተኑ ምትኩ በጎጥ ይሰጥ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለን። ስለ ስታዲየም ግንባታ የሚሰጥ መግለጫ ስትዘግቡ የመቀመጫውን ብዛትና የሕንፃውን ሥዕል ብቻ አታትሙ። የወሰኑን ካርታ ከነኮኦርዲኔቱ፣ የሚነሱትን ባለይዞታዎችና ተከራዮች ቁጥር ለየብቻ፣ የቆጠራውንም ቀን ጠይቃችሁ አውጡ። ካርታው በጋዜጣ ከወጣ ማንኛውም ቀያሽ ወስዶ ሰፈሩ ውስጥ በእግሩ እየሄደ መስመሩ በየማን ግቢ እንደሚያልፍ ለነዋሪው ሊያሳየው ይችላል፤ እኛም ይህን ያለ ክፍያ ለመሥራት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በቅየሳ፣ በንብረት ግምትና በከተማ ፕላን ሥራ ላይ ያለን ነዋሪዎች
ድሬዳዋ